ጸበሉ ያላዳናቸው አያ ሞገስ

አያ ሞገስ ማረፋቸውን የነገረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ጠዋት ሰቆጣ ላይ የሱቄን በር ስከፍት ባጃጁን አጠገቤ አቆመና አንገቱን ብቅ አደረገ።

«እታለም፣ ሰምተሻል? አያ ሞገስ አረፉ።»

ቁልፉን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። እሱ ግን ገና አልጨረሰም። ከንፈሩን መጠጠና፣ «ምስኪን! ሳይድኑ ሞቱ እኮ» ብሎ ጨመረበት።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከእንባዬ ሳቄ ቀደመ። ድኖ የሚሞት ማን አለ? አያ ሞገስ ራሳቸው ይህን ቢሰሙ፣ «ምነው ትንሽ ብታገሥ ኖሮ!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ሾፌሩ ስስቅ አይቶ ግራ ገባውና ሄደ። እኔም በሩን መልሼ ቆለፍሁና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ለማያውቃቸው ሰው ከሥሩ ልጀምር። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ ከገደል ሥር፣ አንድ የሚካኤል ጸበል አለ። አባቴ ቄስ ታረቀኝ የዚያ ጸበል አጥማቂ ነው። እኔም አግብቼ ከተማ እስክገባ ድረስ ከበሩ አጠገብ ጧፍና የጸበል ጀሪካን እሸጥ ነበር። ከእኔ መደብ ፊት ለፊት አንዲት ደሳሳ ጎጆ አለች። አያ ሞገስ የሚኖሩት እዚያች ውስጥ ነው።

አገራቸው እዚሁ የእኛው ጎረቤት ወረዳ፣ ዝቋላ ነው። በጎልማሳነታቸው የጠፋች ፍየል ሲፈልጉ ከቋጥኝ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሻቸው፣ አልሆነም። በመጨረሻ ወንድሞቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው፣ ያን ሁሉ ቁልቁለትና አቀበት አቋርጠው፣ ሚካኤል በር ላይ አወረዷቸው። «ድነህ፣ በእግርህ ና» አሏቸውና ተመለሱ። አያ ሞገስም አንድ ሱባኤ፣ ማለትም አንድ ሳምንት፣ ተጠምቀው ሊሄዱ ተቀመጡ። ያች ሱባኤ እኔ ሳልወለድ ተጀመረች፤ እኔ ወልጄም አላለቀች።

ውሃው ምንም አላደረገላቸውም ማለት ግን ሐሰት ነው። በቃሬዛ የመጡት ሰውዬ በበትር መሄድ ችለዋል። «ሚካኤል ግማሽ መንገድ ድረስ አመጣኝና ሌላ ሥራ ጠራው» ይሉ ነበር። አንዱ እግራቸው ከሌላው አጥሮ ስለቀረ ሲራመዱ ለመሬቱ ሰላምታ የሚሰጡ ይመስላሉ። ረዥም፣ ከሲታ፣ ጢማቸው የሳሳ፣ ጥርሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ያልጎደለ ሰው ነበሩ። ጥርሳቸውን የማውቀው ሁልጊዜ ስለሚስቁ ነው።

አዲስ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን አልነበረም፤ እግሩን ነው። ሌላው ሰው «እንዴት አደራችሁ» ሲል እሳቸው «እግር እንዴት አደረ?» ይላሉ። ከዚያ የቱ ጋ እንደሚታደር፣ የትኛው ደረጃ እንደሚያዳልጥ፣ አባቴ በየትኛው ሰዓት እንደሚቆጣና በየትኛው እንደሚራራ ያስረዳሉ። ደመወዝ የለ፣ ሹመት የለ። አጋፋሪ ያላቸውም አልነበረም፤ ብቻ እሳቸውን ሳያናግር ወደ ውሃው የሚወርድ ሰው አላየሁም።

አንድ ነገር ላይ ግን ይቆጣሉ። መድኃኒቱን ትቶ የመጣ በሽተኛ ከተገኘ አለቀለት። አንድ የሳንባ በሽተኛ ጎረምሳ ክኒኑን ቤቱ ጥሎ መጥቶ፣ «ጸበል ላይ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው ብለውኛል» አላቸው።

«ማን ነው ያለህ?»

«ሰዎች።»

«ሰዎቹ ያስሉልሃል? ጸበሉን ጠጣ፣ ክኒንህንም ዋጥ። ሚካኤል ቅናት የለበትም!»

ልጁ ያን ዕለት ክኒኑን ከቤት አስላከ። ከዚያ ወዲህ አባቴም በስብከቱ መካከል «ሚካኤል ቅናት የለበትም» ማለት አመጣ፤ ከማን እንደተማረው ግን አይናገርም።

አሁን ወደ በትሮቹ ልምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

እኛ ዘንድ ልማድ አለ። በበትር እያነከሰ የመጣ ሰው ሲድን በትሩን ይዞ አይመለስም። ከጸበሉ ራስ ያለ ትልቅ ድንጋይ ላይ አስደግፎት ይሄዳል። ምስክር መሆኑ ነው። ሽማግሌዎች ሲያወሩ፣ ድሮ በትሩ እንደ ማገዶ ተከምሮ ድንጋዩ አይታይም ነበር። እኔ ባደግሁበት ዘመን ግን ድንጋዩ ራቁቱን ነው። ሁለት ሦስት በትር ቢገኝበት ነው። የሚመጣው ሰው ሁሉ ያየውና፣ «አይ ዘመን! ተአምር ድሮ ቀረ» ብሎ ይተክዛል።

እውነቱን የምናውቅ እኔና ጥቂት ሰዎች ነበርን። በትሮቹን የሚያነሡት አያ ሞገስ ናቸው። አንድ ሰው ድኖ በትሩን አስደግፎ ሲሄድ፣ እሳቸው ጥቂት ቆይተው ሄደው ያነሡታል። ጎጆዋ ውስጥ ይወሽቁታል። በሰው ትከሻ ተደግፎ፣ ወይም በተሰነጠቀ ሸንበቆ እየተንፏቀቀ የሚመጣ ሰው ሲያዩ በትር ያወጣሉ፣ ቁመቱን ይለካሉ፣ በቢላ ይከረክማሉ፣ እጀታው ላይ ጨርቅ ይጠመጥማሉ፣ ይሰጡታል። በትር ደግሞ ይቆረጣል እንጂ አይቀጠልም። ስለዚህ ለሎጋ ሰው የተቆረጠው ሲውል ሲያድር ለአጭር፣ ከዚያ ለሕፃን ይደርሳል። «በትርም እንደ ሰው ነው» ይላሉ፣ «ሲያገለግል ኖሮ ያጥራል።»

አንድ ጊዜ እናቱን ወገቧን አሟት ያመጣ ወጣት አስተማሪ ከሰቆጣ መጣ። እናቱ ስትጠመቅ እሱ ከእኔ መደብ አጠገብ ቆሞ ያንን ራቁት ድንጋይ ያያል። ወደ አያ ሞገስ ዞረና፣ «አያ፣ በሐዋርያት ጊዜ ጥላቸው ያረፈበት ሁሉ ይድን ነበር። ዛሬ እንዲያ ያለ ነገር ለምን አናይም?» አላቸው።

«ስትመጣ የተኛ ሰው አይተሃል?»

«በሽ ነው።»

«የተነሣስ?»

«የተነሣ እንኳ አላየሁም።»

«እንዴት አድርገህ ታየዋለህ? የዳነ ሰው እግር አለው፤ ይሄዳል። እዚህ የሚቀር ያልዳነው ነው። ተምሮ የጨረሰ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ይፈለጋል?»

አስተማሪው ሳቀ፣ ግን አልተዋቸውም። «ቢሆንም አያ፣ ብዙው አይድንም አይደል?»

«ብዙው አይድንም» አሉ ፍርጥም ብለው። ውሸት አይችሉም ነበር። «መፃጉዕን ታውቀው የለ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ ጌታ ያስነሣውን? ያን ዕለት አጠገቡ የተኛው ሰው ብዙ ነበር። የተነሣው እሱ ነው። ስሙ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ይነሣል። ከጎኑ የቀሩትን ግን ማን ጠየቃቸው? የእኔ ወገኖች እነሱ ናቸው።»

እኔም ጀሪካን እየሸጥሁ ስንት ዓመት ስሰማው የኖርሁትን ታሪክ እንዲያ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሁልጊዜ ይቀልዱ ነበር ብዬ ግን አላጭበረብርም። አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ታቅፋ ከደሃና መጥታ፣ ልጅቱ እዚሁ እጇ ላይ ሞተች። ሰው ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እያለ ሲያጽናናት እሳቸው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። በዚያ ዳሌ መሬት መቀመጥ ለእሳቸው ቀላል አይደለም። ሴትዮዋ መለስ አለችና፣ «አያ፣ ለምን?» አለቻቸው።

«ጠይቄዋለሁ» አሏት። «ገና አልመለሰልኝም። ሲመልስልኝ ያለሽበት ድረስ እልክብሻለሁ።»

ከሁሉ ማጽናኛ ያች ሴት የያዘችው ይህን ይመስለኛል። በየዓመቱ ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሳቸውን ነው። «አልመለሰም?» ትላለች። «እምቢ ብሏል» ይላሉ። ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይሳሳቃሉ።

እንግዲህ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በአንድ መስከረም ከወንዝ ማዶ ያለው ሌላ ጸበል ድምፅ ማጉያ ገዛ ተባለ። የዳነ ሰው ማይክ ተይዞለት ይመሰክራል፣ በስልክ ይቀረጻል፣ ሰቆጣ ላይ ወጣቱ ሁሉ እያየ ይቀባበለዋል። የእኛ በር ጭር አለ። የእኔም ጀሪካን አቧራ ለበሰ። የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር አቶ ደምሌን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳው። አቶ ደምሌ ሰቆጣ ውስጥ ቆርቆሮ የሚነግድ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ከእሱ መጋዘን የወጣ ነው። ግን ነገርን ሁሉ እንደ ሱቅ ያየዋል፤ ዕቃ መስኮት ላይ ካልተደረደረ የሚሸጥ አይመስለውም።

አንድ ሰባኪም ጋበዘ። ሰባኪው ድምፁ ማጉያ የማያስፈልገው ሰው ነበር። «ተአምር ለምን ጠፋ?» ብሎ ጮኸ። «እምነታችን ስለጠፋ ነው! እምነት ያለው ሲድን እምነት የሌለው በር ላይ ተቀምጦ ያረጃል!» ጣቱን አልቀሰረም፣ ዓይኑ ግን በር ላይ ነበር። የሕዝቡም ዓይን ተከተለው።

አያ ሞገስ በትራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ልጄ» አሉት፣ «እምነት ባይኖረኝማ በመጀመሪያው ሱባኤ አገሬ እገባ ነበር።»

ሰው አጉረመረመ፣ የሳቀም ነበር፤ ሰባኪውም ቶሎ ብሎ ወደ መዝሙር ገባ። አቶ ደምሌ ግን አልሳቀም። ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር። የዳኑ ሰዎችን በትር ሁሉ ሰብስቦ ከበሩ ግራ በመስታወት ቤት ሊደረድር አስቧል። መጪው ያይና ያምናል። ድንጋዩ ጋ ቢሄድ ሁለት በትር ብቻ አገኘ። ጠየቀ፣ አጠያየቀ፣ ደረሰበት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከግቢው ጽድ ሥር፣ ጉባኤው አያ ሞገስን አቆማቸው። እኔ ጧፍ የምቆጥር መስዬ ቀረብ ብዬ ሰማሁ።

«አያ ሞገስ፣ እነዚያ በትሮች የት ደረሱ?» አለ አቶ ደምሌ።

«መንገድ ሄዱ።»

«በትር ብቻውን ይሄዳል?»

«ከሰው ጋር ነው የሄደ።»

«ለሚካኤል የተሰጠ የሚካኤል ንብረት ነው። ለማን ብለው ነው የሚያድሉት?»

«ኧረ ተው አቶ ደምሌ! ሚካኤል በትር ምን ያደርግለታል? ክንፍ አለው።»

አባቴ አፉን በነጠላው ሲሸፍን አየሁት። አቶ ደምሌ ግን ፊቱ ቀላ። «ተአምር ጠፋ የሚባለው በእርስዎ ነው!» አለ። «ምስክሩን በትነው፣ ራስዎ ደግሞ ሳይድኑ በር ላይ ተቀምጠዋል። ያ ሁሉ ምእመን ተስፋ አድርጎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እርስዎን ነው። ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ያልዳነ ሰው አይቶ ማን ወደ ውስጥ ይገባል?»

አያ ሞገስ ለወትሮው መልስ አያጡም። ያን ቀን ግን አንገታቸውን ደፉ። «እሱስ እውነት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ውሳኔው አጭር ነበር። እስከ ኅዳር ሚካኤል በትሮቹ ይመለሱ፤ ካልተመለሱ አያ ሞገስ ጎጆዋን ይልቀቁ። አባቴ ቤት ሲገባ ምሳውን አልበላም። «የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው» አለኝ። «ውሃውን የማፈስሰው እኔ፣ በመስቀሉ የምዳብሰው እኔ። እሳቸው ያልዳኑ በእኔ እጅ ነው። መባረር የሚገባው ማን ሆነና?» ይህን ጉባኤው ላይ ቢናገረው ጥሩ ነበር፤ ግን ጣሪያው የአቶ ደምሌ ነው፣ አባቴም ዝናብ ይፈራል።

ከሰዓት በኋላ አያ ሞገስን ላያቸው ሄድሁ። ጎጆዋ በር ላይ ተቀምጠው ቢላቸውን ይስላሉ።

«ወደ ዝቋላ ሊሄዱ ነው?» አልኋቸው።

«በየትኛው እግሬ? ድነህ ና ነው ያሉኝ። ሳልድን ብሄድ ምን እላቸዋለሁ? መንገድ ጠፍቶኝ ቆየሁ ልበል?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም።

ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «አያ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህን ሁሉ ሰው ሲድን እያዩ፣ እርስዎ እንዲህ ሲቀሩ አይከፋዎትም?»

«ይከፋኛል እንጂ!» አሉ። «ድንጋይ ነኝ እንዴ? ጠዋት ጠዋት ከሚካኤል ጋር እጣላለሁ። 'ዛሬስ?' እለዋለሁ። ዝም ይላል። 'ያ ትናንት የመጣው እንኳ ሄደ እኮ!' እለዋለሁ። ዝም። 'በል እሺ፣ ነገ እንገናኝ' ብዬው ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።»

«በምን ቋንቋ ነው የሚጣሉት?»

«በኽምጠኛ ነዋ! በአማርኛ ብጣላው አባትሽ ይሰማኛል።»

ኽምጠኛ የአገሬው ሁሉ ቋንቋ ነው፤ ሰቆጣ ዙሪያ ላይ በእሱ ምስጢር መያዝ በጠራራ ፀሐይ እንደመደበቅ ነው። አባቴ ዓመቱን ሙሉ ሲሰማቸው እንደኖረ አልነገርኋቸውም።

«እንዲያ ከሆነ ለምን አልሄዱም?» አልኋቸው።

ቢላቸውን አስቀመጡ። «አንች ልጅ፣ እኔ እዚህ በወደቅሁ ሰሞን የሚያናግረኝ አልነበረም። የዳነው ወደ አገሩ ይቸኩላል። ያልዳነው በራሱ ጭንቅ ተይዟል። ውሃው የቱ ጋ እንዳለ እንኳ የሚያሳየኝ አጥቼ ውዬ አድሬያለሁ። እኔም ብድን ኖሮ በነጋታው ሄጄ ነበር፤ ዞሬም አላየው። ታዲያ በሩ ላይ ማን ይኖር ነበር?» ቢላቸውን መልሰው አነሡና፣ «ይኼን ለሚካኤል እንዳትነግሪው» አሉኝ፣ «ተስማማ ብሎ ጭራሽ ይተወኛል።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በገበያተኛውም በባጃጁም መልእክት ተላለፈ። የሚካኤልን በትር የያዘ ለኅዳር ሚካኤል ይዞ ይምጣ ተባለ።

የበዓሉ ዕለት አቶ ደምሌ አዲስ ኩታ ለብሶ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመ። ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ ሰዉ በየአቅጣጫው መምጣት ጀመረ። ከዝቋላ መንገድ፣ ከደሃና መንገድ፣ በአህያም በእግርም። ሁሉም በትር ይዟል። ችግሩ፣ ሁሉም ያነክሳል። አቶ ደምሌ በትር በትከሻው አድርጎ እየዘለለ የሚመጣ ሰው ነበር የጠበቀው። የመጣለት ግን እየተንገዳገደ ቁልቁለቱን የሚወርድ ሠራዊት ነው።

መጀመሪያ የደረሱት እማማ ዘውዴ የሚባሉ የደሃና ሴት ናቸው። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። «እንካ ልጄ፣ የሚካኤልን አደራ።»

ተቀበላቸው። ወዲያው እማማ ዘውዴ ክንዱን ጨብጠው ያዙ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ። ይሂዱ እንግዲህ» አላቸው።

«በምን?»

«ማለት...»

«በትሩን ከወሰድህ አንተው አዝለኝ። ደሃና ሩቅ አይደል፤ ሳይመሽ ከተነሣን እንደርሳለን።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ከመካከል አንዱ፣ «ሙሽራዋም ካልታዘልኩ አላምንም ብላለች!» ብሎ ጮኸ። አቶ ደምሌ ላብ አጠመቀው። ወዲያ ቢያይ ሌላ በትር የያዘ ሽማግሌ፣ ወዲህ ቢያይ ሌላ። በየተራ ሁሉንም ሊያዝል ነው? በትሩን ለእማማ ዘውዴ መለሰላቸው።

እሳቸውም በትሩን ከተደገፉ በኋላ አፋቸው ተፈታ። «ይህች በትር የማን እንደነበረች ታውቃለህ? ከእኔ በፊት የአንድ ዲያቆን ነበረች። ድኖ ይኸው አሁን ቆሞ ይቀድሳል። ከእሱ በፊት የአንድ ገበሬ ነበረች፤ እሱም ድኗል። የሁለቱን ቁራጭ ነው የያዝሁት። እኔም ከዳንሁ በልጅ ልጄ ዕድሜ ላለ ልጅ ትሆናለች።»

«ታዲያ የዳኑት የት አሉ?» አለ አቶ ደምሌ፣ ሊያለቅስ በደረሰ ድምፅ። «እነሱ ለምን አልመጡም?»

አያ ሞገስ ከበሩ ሆነው መለሱለት። «አቶ ደምሌ፣ ኅዳር ነው እኮ! አጨዳ ላይ ናቸው።»

አቶ ደምሌ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው። ስቆ ስቆ ሲጨርስ ዓይኑን በአዲሱ ኩታ ጠረገና ወደ አያ ሞገስ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። የመስታወቱ ነገር ከዚያ ቀን ወዲያ አልተነሣም። ጎጆዋንም በሳምንቱ ቆርቆሮ አለበሰላቸው። አያ ሞገስ አመስግነው ሲያበቁ፣ «ዝናብ ሲመጣ ግን ሚካኤል የሚመልስልኝን እንዴት ልሰማ ነው?» ብለው አጉረመረሙ።

አሁን ወደ ማረፋቸው ልመለስ። ቀብራቸው አንድ ወንድማቸው ከዝቋላ እስኪመጡ ለማግስቱ ተላለፈ። ሰቆጣ አድሬ በጠዋት ስደርስ ሸለቆው በሰው ሞልቷል። የማን ሰው ነው? የጸበሉን ሰው ሁሉ አውቃለሁ የምል ሴት አንድም ፊት መለየት አቃተኝ። ጠንካራ፣ በፀሐይ የጠቆሩ ወንዶች፤ ልጅ ያዘሉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴቶች። አቶ ደምሌም አጠገቤ ቆሞ፣ «እነዚህ ከየት መጡ?» ይለኛል።

አባቴ ነው ያወቃቸው። መስቀሉን ሲያሳልማቸው እያንዳንዳቸውን በስም ጠራ። ይኼ ሁለት እግሩ የታሰረበት የነበረ። ይቺ እናቷ በአንቀልባ ያመጣቻት። ይኼ ያ ክኒኑን ቤት ጥሎ የመጣው ጎረምሳ፤ አሁን ትከሻው በር አይበቃውም። ያላወቅኋቸው ተኝተው እንጂ ቆመው አይቻቸው ስለማላውቅ ነው። አንድ ላይ ሆነው ታይተው አያውቁም ነበር። አቶ ደምሌ ኮፍያውን አውልቆ፣ አፉን ከፍቶ ያያል።

ወንድማቸው ደረሱ። እሳቸውም አርጅተዋል፤ ፊታቸው ቁርጥ አያ ሞገስን ነው። ሲያለቅሱ ቆይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከመሞቱ በፊት ዳነ ወይ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ቃሬዛው ከጎጆዋ ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀበቱን ጀመረ። ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው ወደ ፊት ሮጥ ብለው ሄዱና የፊተኛውን እንጨት ጨበጡ። «ልቀቅልኝ። ያኔም ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ተሸካሚው ያ ትከሻው በር የማይበቃው ሰው ነው። አልለቀቀም። በአክብሮት ጎንበስ አለላቸውና፣ «አባቴ፣ ይቅርታዎን። ተራ ይያዙ» አላቸው። «እኔም ሳይነጋ መጥቼ ጠብቄ ነው ያገኘሁት።»

ሽማግሌው ዞረው አዩ። ከቃሬዛው በስተኋላ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ፣ እስከ ውሃው ድረስ ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሯል፤ ትከሻውንም አዘጋጅቷል። ቆመው ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወርደው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነበርን፤ ወንድማቸውን ተሸክመው ወደ ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ናቸው።